ሞዴል ነፍሰ ጡር ስለመሆኔ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሙለታ
«ጤናማ እርግዝና ለሁሉም» ንቅናቄ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሮቤ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ራስዎን ሳያምዎ፣ ዓይንዎ ሳይደበዝዝ፣ እጅና ፊትዎ ሳያብጥ፣ የደም ግፊትዎም በሚሠራ መሣሪያ ተለክቶ ደኅና ሆኖ እንዲያገኝዎ ዱዓዬ ነው። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ አምጥቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ እናቶች ጤና ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ከነአካቴው ከፍቼ ገበያው በር ላይ ብለጥፈው ይሻላል አልኩ። የሮቤ ሰው ከእርስዎ ቀድሞ ቢያነበው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እኔ ጁሀራ ከሊል እባላለሁ፤ ሮቤ ገበያ ውስጥ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን የምሸጥ ሴት ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ «ሞዴል ነፍሰ ጡር ቁጥር አንድ» በሚለው ስሜ ነው። ቁጥር ሁለት የምትባል ሴት ኖራ ስለማታውቅ ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ሆኖም በደረቴ ላይ በተንጠለጠለው ጥብጣብ ላይ በወርቃማ ቀለም ስለተጻፈ ትልቅ ነገር መሆኑን ተቀብያለሁ።

ለዚህ ክብር እንዴት እንደበቃሁ ላስታውስዎ። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄን ስምንት ወር ተሸክሜ፣ ደም ግፊት ተነሥቶብኝ፣ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። ስለዚህ በድጋሚ ማርገዜን ባወቅሁ በሳምንቱ ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ለአዋላጇ ለሲስተር ስመኝ ያለፈውን ሁሉ ነገርኳት። ሲስተር ስመኝ ከጎንደር መጥታ እዚህ አምስት ክረምት የከረመች፣ ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስታባብል በኦሮምኛ የምትናገር ሴት ናት። ካርድ አወጣችልኝ፣ ሐኪም ያዘዘልኝን ለግፊቱ መከላከያ በቀን አንዴ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን እንዴት እንደምወስድ አስረዳችኝ፣ ከዚያም ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ «ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጫለሽ፤ ሰማይ ቢደፋም ትመጫለሽ» አለችኝ። እኔም አንድም ማክሰኞ ሳላጓድል ሄድኩ። ኮሚቴዎ የጤና ጣቢያውን ካርዶች ሲያገላብጥ ቀጠሮ ያላዛነፈች አንዲት ሴት አገኘ። ተመረጥኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ቀጠሮዬ መሄድ አልቻልኩም።

ስለሆነም ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1. በጥቅምት ወር፣ አምስተኛ ወሬን እንደያዝኩ፣ «የእርግዝና ክትትል አለማቋረጥ ያለው ጠቀሜታ» በሚል ርዕስ ላዘጋጃችሁት የሙሉ ቀን ውይይት ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ውይይቱ ማክሰኞ ነበር። የኮሚቴውን ጸሐፊ አቶ ዘይነዲንን ጠጋ ብዬ ቀጠሮ እንዳለኝ ብነግራቸው፣ በታላቅ ትሕትና ክንዴን ይዘው «እህቴ፣ አንቺ ካልመጣሽ ስለ ቀጠሮ ማክበር ማን ይመስክር?» አሉኝ። እንዳሉትም መስክሬ፣ ቀጠሮዬን አሳልፌ ተመለስኩ። ቀጣዩ ውይይት ማክሰኞ ሆነ፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። የምንሰበሰብበት አዳራሽ በሌሎቹ ቀናት ለሠርግ እንደሚከራይ የተረዳሁት በኋላ ነው።

2. በኅዳር ጎባ ላይ በተደረገው ሰልፍ «ነፍሰ ጡር እናት ከባድ ነገር አትሸከም» የሚለውን ሰፊ ጨርቅ፣ ከነሁለት የብረት ዘንጎቹ፣ አንደኛውን ጫፍ እንድይዝ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከበላይ አካል የሚመጡት እንግዳ ስለዘገዩ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆመናል። የጎባን ነፋስ እርስዎም ያውቁታል፤ ያን ጨርቅ እንደ ሸራ ነፍቶት እኔን ከነሆዴ ወደ ገበያው ሲወስደኝ ሁለት ፖሊሶች ናቸው የመለሱኝ። በመሃል ወንበር አይቼ ብቀመጥ፣ አንድ ትሑት ወጣት ወንበሩ ላይ ስም እንደተለጠፈ አሳይቶ አስነሣኝ። ስሙ የእርስዎ ነበር፤ እርስዎ ግን በዚያ ሰዓት ጥላ ሥር፣ ሌላ ወንበር ላይ ነበሩ። ምሳ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቀረበልን፤ ምሳውን ስንጠብቅ ነፍሰ ጡር ሴት በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መብላት እንዳለባት ሰፊ ገለጻ ተደረገልን።

3. በታኅሣሥ፣ ሰባት ወሬን ይዤ፣ «ነፍሰ ጡር በወጣ ገባ መንገድ ረጅም ጉዞ አትጓዝ» የሚለውን ትምህርት ለሪራ እናቶች እንዳደርስ የሳነቲን ተራራ በፒክአፕ አሻግራችሁ ስለወሰዳችሁኝ አመሰግናለሁ። አናቱ ላይ ስንደርስ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ ደግሞ የበላሁትን ሁሉ መለስኩ። ሪራ ደርሼ ወረቀቴን ካነበብኩ በኋላ ዙሀይራ የምትባል ማር ሻጭ ከተሰበሰቡት ሴቶች መካከል ተነሥታ ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ ስንተኛ ወርሽ ነው?» አለችኝ።

«ሰባተኛ።»

«በየት በኩል መጣሽ?»

«በሳነቲ።»

ዙሀይራ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ በኦሮምኛ አንድ ነገር ስትል ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ፤ ከዚያ ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቀምጣበት በነበረው ድንጋይ ላይ የራሷን ጋቢ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፤ ውኃም አመጣችልኝ። «መጀመሪያ አንቺን የላኩሽን ሰዎች አስተምሪያቸው» አለችኝ። ይህ አስተያየት በጉዞው ሪፖርት ላይ «ተሳታፊዎች ትምህርቱን በደስታ ተቀብለውታል» ተብሎ መስፈሩን አይቻለሁ፤ ስላሳጠራችሁት አመሰግናለሁ።

4. አሁን ወደ ጥር ወሩ የማጠቃለያ በዓል ልምጣ፤ ምስጋናዬ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። ከእሁድ ጀምሮ ራሴን አሞኝ አልተወኝም፤ ጣቴ አብጦ ቀለበቴን በሳሙና ነበር ያወጣሁት። ባለቤቴ አብዱልመሊክ ለከብት ንግድ ወደ ብድሬ ከተማ ሄዷል። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ብሄድ በሩ ተቆልፎ «ሠራተኞች ለጤናማ እርግዝና ንቅናቄ ወጥተዋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እንግዲህ አዋላጅ የማገኘው አዳራሹ ውስጥ ነው ብዬ፣ አማቴን አደ ጤቤን ይዤ፣ ጥብጣቤን አጥልቄ መጣሁ።

የታደለን የፕሮግራም ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «4፡30፣ የሞዴሏ የደም ግፊት በመድረክ ላይ ይለካል (ውጤት፦ 120/80)።» ወረቀቱ የታተመው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ክቡርነትዎ፣ ሐኪሞች እንኳ ካልለኩ የማያውቁትን ኮሚቴዎ አስቀድሞ ማወቁ የሚደነቅ ነው። በሰዓቱ አቶ ዘይነዲን መሣሪያውን በካፖርቴ እጅጌ ላይ አሰሩልኝ። አየር የሚነፋበት ኳስ ከመሣሪያው ጋር ስላልመጣ ለካሜራው ሲባል ክንዴን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት፤ ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «መቶ ሃያ በሰማንያ!» አሉ። ተጨበጨበ።

ቀጥሎ የእርግዝና የአደጋ ምልክቶችን እንዳነብ ወረቀት ተሰጠኝ። «አንደኛ፣ የማይተው ከባድ የራስ ምታት» ብዬ አነበብኩ፤ ራሴ በመዶሻ እንደሚመታ ነበር። «ሁለተኛ፣ የዓይን ብዥታ።» ከዚህ በኋላ ያለውን በቃሌ ነው ያልኩት፤ ፊደሎቹ እየዋኙ ነበርና። «ሦስተኛ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ። አራተኛ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም።» እጄን ሆዴ ላይ፣ የሚያቃጥለኝ ቦታ ላይ አደረግሁ። በመጀመሪያ ልጄም ጊዜ እዚያው ነበር ያመመኝ። የንግግር ማቅረቢያውን ጠረጴዛ ተደገፍኩ።

«እነዚህ ምልክቶች እኮ እኔ ላይ አሉ» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እርስዎም ማይክሮፎኑን ተቀብለው «እንዲህ ያለ ሕያው ትምህርት ነው የምንፈልገው! በድጋሚ አጨብጭቡላት!» አሉ። ምናልባት የቋንቋ ጉዳይ ይሆናል ብዬ በኦሮምኛ «መታን ነ ዱኩባ» አልኩ፤ ራሴን ያመኛል ማለት ነው። ጭብጨባው ከፊተኛው ይልቅ በረታ፤ መልእክቴን በሁለት ቋንቋ በማስተላለፌ ከመድረኩ ልዩ ምስጋና ቀረበልኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የተጨበጨበልኝም፣ ሰው እንደዚያ ቀን ያልሰማኝም ጊዜ የለም።

አንድ ሰው ብቻ አላጨበጨበም። ሲስተር ስመኝ፣ አዳራሹ እንዲሞላ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበርና፣ ሰው እየረገጠች መድረኩ ላይ ወጣች። ካፖርቴን ገፈፈችው፤ ከቦርሳዋ የራሷን መለኪያ አውጥታ አሰረችልኝ፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ አዳራሹ ሁሉ እያየ ለካች። ፊቷን ሳይ አወቅሁ።

«መቶ ሰባ በመቶ አሥራ አምስት» አለች።

አቶ ዘይነዲን ጎንበስ ብለው «ሲስተር፣ ፕሮግራሙ ላይ እኮ መቶ ሃያ በሰማንያ ነው የተጻፈው» አሏት።

«እንግዲያው እናንተ ፕሮግራሙን አስተኙት፤ እኔ እሷን ጎባ ሆስፒታል ይዣት እሄዳለሁ» አለች ስመኝ፤ በአማርኛ ነው ያለችው።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ የሆነው ነገር ሁሉ ተደራርቦ ስለሆነ ለይቶ ማመስገን አይቻልም።

አምቡላንስ መፈለግ አላስፈለገንም። አዲሷ አምቡላንስ በዚያው ዕለት ስለምትመረቅ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ፊኛ ተንጠልጥሎባት፣ ከፊት ለፊቷ ቀይ ሪባን ተወጥሮ ቆማለች። ሾፌሩ ደራራ ግን ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ አላንቀሳቅስም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር።

«ሪባኑ ሳይቆረጥ ብነዳት ከሥራ ያባርሩኛል» አለ።

አደ ጤቤ ጠጋ አሉት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሰው ፊት ጮኸው የማያውቁ አሮጊት ናቸው።

«ማነው የሚቆርጠው?»

«የክብር እንግዳው።»

«የት አሉ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«የልጅ ልጄ ቀድሞ መጥቷል» አሉና ጎንበስ ብለው ሪባኑን በቀሯቸው ጥርሶች ነክሰው በጠሱት።

ክቡርነትዎ፣ የማርሽ ባንዱ ሪባን ሲቆረጥ እንዲመታ አስቀድመው አዘውት ስለነበር ወዲያው ጥሩምባውን አነሣ። ከአዳራሹ የወጣው ሕዝብ አጨበጨበ። እኔ በሁለት ሴቶች ትከሻ ተደግፌ፣ ከበሮ እየተመታልኝ ወደ አምቡላንስ ገባሁ። ውስጡ ለበዓሉ በመጡ ቲሸርቶች ካርቶን ስለተሞላ የምተኛበት አልነበረም፤ ደራራና ስመኝ ካርቶኖቹን ወደ ውጭ ወረወሩና ጥቂት ቲሸርት ለትራስ አስቀሩልኝ። እስከ ጎባ ድረስ ራሴን ያሳረፍኩት «ማንም እናት ሕይወት በመስጠት ላይ ሳለች መሞት የለባትም» በሚል ጽሑፍ ላይ ነው። ላለቅስ ፈልጌ አልቻልኩም። የመጀመሪያውን ልጄን በጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ እንዴት ቀላል እንደነበረ ብቻ ነበር የማስበው። ስመኝ እጄን አልለቀቀችም፤ «ተኚ እንዳልልሽ እፈራለሁ፤ አውሪኝ» ትለኝ ነበር። የባልዲ ዓይነቶችን ከትንሹ እስከ ትልቁ ቆጠርኩላት።

ጎባ ሆስፒታል የተቀበለን ዶክተር ሰሎሞን ይባላል። ሰውነቴን እንዳያንቀጠቅጠኝ መርፌ ተሰጠኝ፤ ወዲያውም ለቀዶ ሕክምና መዘጋጀት ተጀመረ። ዶክተሩ ካርዴን አገላብጦ ግንባሩን ቋጠረ።

«እስከ አምስተኛ ወር ድረስ አንድም አልቀረሽም፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ለምን አቋረጥሽ?»

«ሞዴል ሆኜ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ካርዱ ላይ «ግራ የመጋባት ምልክት ታይቶባታል» ብሎ ጻፈ። ስመኝ እውነት መሆኑን ብታስረዳውም አልሰረዘውም፤ ታሪኩን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ እንዲያውም ከሥሩ አሰመረበት።

ልጄ በሕይወት ተወለደች፤ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ስሟን ሰቢሪና አልናት። ለማልቀስ እንኳ አቅም ስላልነበራት ደረቴ ላይ፣ ገላዋ ገላዬን እየነካ፣ ታሰረችልኝ። አብዱልመሊክ ከብድሬ በደረሰ ጊዜ ተራውን ወሰደ፤ ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ ካደረጋት በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። በሬ ሲገዛ በጩኸት ገበያ የሚበትን ሰው፣ ነርሷ ውኃ ይጠጣ እንደሆን ብትጠይቀው በዓይኑ ብቻ መለሰላት። ዛሬ ልጅቷ ሦስት ኪሎ አልፋለች፤ እኔም ክኒኔን እየዋጥኩ፣ ግፊቴን እያስለካሁ ደኅና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴዎ አበባና ካሜራ ይዞ ስለጎበኘኝ፣ ነርሷም ካሜራውን በር ላይ ስላስቀረችው፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በሪፖርታችሁ ላይ «በንቅናቄው የተቀናጀ ጥረት የአንዲት እናትና ሕፃን ሕይወት መታደግ ተችሏል» የሚለውንም አንብቤያለሁ። የተቀናጀ መሆኑንስ ማን ይክዳል፤ ጤና ጣቢያውን ዘግታችሁ አዋላጇን አዳራሽ ባታስቀምጧት ኖሮ እዚያ ማን ይደርስልኝ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሶናል። አንደኛ፣ አማቴ አደ ጤቤ ሪባኑን ያለ ፕሮቶኮል ስለበጠሱ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጡ፤ ሁለተኛ፣ የክብር እንግዳው ምርቃቱ ስላመለጣቸው ሥነ ሥርዓቱ በድጋሚ ሲካሄድ እኔ አምቡላንሷ ውስጥ ተኝቼ እንድገኝ ይጠይቃል። አደ ጤቤ መጻፍ ስለማይችሉ ማብራሪያቸውን በቃል ሰጥተውኛል፤ እኔ በጨዋ አማርኛ ልጽፈው ብሞክር አልተቻለኝም። እኔን በተመለከተ ግን ስላልታመምኩ መተኛት አልችልም። ሠርቶ ማሳያ ካስፈለገ፣ አምቡላንሷ በዚያ ቀን የሪራ መንገድ ላይ ብትቆም የምትተኛባት አታጣም።

የቀረኝ ትንሽ ልመና ነው። ለጤና ጣቢያችን ኳስ ያለው የደም ግፊት መለኪያ ይሰጠው። አዋላጆቹ ለጭብጨባ አይጠሩብን፤ እነሱ መድረክ የሚያዩ ሳይሆኑ ሴት የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ራሷን ያመማት፣ ፊቷ ያበጠ፣ ደም የፈሰሳት፣ የልጇ እንቅስቃሴ የቀነሰባት ሴት ስትናገር ደግሞ መጀመሪያ የሰማት ሰው ወዲያው ይነሣ። ይህ ሁሉ ሲሟላ ስለ እኛ መሰብሰቡን ብትቀጥሉ ቅሬታ የለኝም፤ ሻዩ ጥሩ ነው።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ካነበቡ ለትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡም ለሥራ ብዛትዎ ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በጤናዎና በሥልጣንዎ ላይ በረከት እንዲጨመርልዎ እመኛለሁ።

የቀድሞዋ ሞዴል ነፍሰ ጡር፣ የአሁኗ የአንዲት ልጅ እናት
ጁሀራ ከሊል
ሮቤ፣ መጋቢት ወር

ግልባጭ፦
ለሲስተር ስመኝ፣ ባለችበት
ለሾፌር ደራራ፣ ከሥራ ካልተባረረ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰቢሪናን ለማስከተብ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጎኔ የተቀመጠች አንዲት ጨዋ ሴት ሕፃኗን ታቅፋልኝ ብዙ ተጫወትን። ባለቤትዎ ወይዘሮ እታለማሁ መሆናቸውን ያወቅሁት ስማቸው ሲጠራ ነው። ጽንሳቸው ስድስተኛ ወሩን ይዟል፤ ሁሉም ደኅና ነው። እርስዎ መስማትዎን ብጠይቃቸው «በእናቶች ጉዳይ ስለሚሮጥ ቤት ቁጭ ብለን ለማውራት አልተመቸንም፤ ደብዳቤ ግን ያነባልና አንቺ ጻፊልኝ» ብለውኛል። ስለሆነም በእሳቸው ፈቃድ ይህን አሳውቃለሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት።